ገመዱን የጎተተው ማን ነበር? ስለ ታሪካዊ ልብ ወለድ መጻሕፍት

ከመሥሪያ ቤት ወጥተው፥ ወይም ከትምህርት ገበታ ተነሥተው፥ ማታ ማታ መጽሐፍ የሚገልጡ ወጣቶች ወዳጆች አሉኝ። እነርሱም ባገኙኝ ቍጥር የሚያቀርቡልኝ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «የአገር ታሪክ ማወቅ የፈለገ ሰው የታሪክ መጽሐፍ ያንብብ ወይስ ታሪካዊ ልብ ወለድ?» የሚል ነው። ጥያቄው ላይ ላዩን ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ሥሩ እዚሁ በቋንቋችን ውስጥ ነው። እኛ የነገሥታቱን ዜና መዋዕል «ታሪክ» እንላለን፤ አያቶቻችን በእሳት ዳር ያጫወቱንንም «ታሪክ» እንላለን፤ ጎረቤት ከጎረቤት የተካሰሰበትን ነገር እንኳ ስንጠየቅ «ታሪኩ ረጅም ነው» ብለን እንጀምራለን። የሆነውም የተባለውም በአንድ ቃል ይጠራል።

ነጋድራስ አፈ ወርቅ ገብረ ኢየሱስም በ1900 ዓ.ም. ሮማ ላይ ያሳተሙትን፥ ዛሬ ሁላችን «ጦቢያ» እያልን የምንጠራውን የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ፥ «ልብ ወለድ ታሪክ» ብለው ነበር የሰየሙት። ልብ የወለደው ታሪክ ማለታቸው ነው። ከዚያ ወዲህ «ልብ ወለድ» የሚለው የድርሰት ዓይነት መጠሪያ ሆኖ ጸንቶ ሲኖር፥ «ታሪክ» የሚለው ጭራው ተቈርጦ ቀረ። መጽሐፉ ራሱ የሚናገረው ዘመኑ ስላልተገለጠ ጥንት ነው፤ ወንድሟን ፍለጋ የወንድ ልብስ ለብሳ ስለ ወጣች ልጅ ይተርካል፤ የታወቀ ንጉሥም የታወቀ ዓመትም የለበትም። ስለዚህ በጥብቅ ካየነው ታሪካዊ ልብ ወለድ ልንለው አይቻለንም። እኔ ግን ታሪካዊ ልብ ወለድ በተነሣ ቍጥር ያ የተቈረጠው ቃል ተመልሶ የሚቀጠል ይመስለኛል።

በዚህ ጕዳይ ላይ ሁለት ወገን አለ። አንደኛው ወገን በዕድሜ የገፋ፥ ጨዋታውም የከበደ ነው። «ልብ ወለድ ፈጠራ ነው፤ ፈጠራ ከታሪክ ጋር ሲደባለቅ ወተት ውስጥ ውሃ እንደ መጨመር ነው» ይላል። ሁለተኛው ወገን ወጣቱ ነው። እርሱ ደግሞ ውሃውንም ወተቱንም ሳይለይ ይጠጣል። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ከአንድ መሥሪያ ቤት አጠገብ ባለች ሻይ ቤት ተቀምጬ ሳለሁ፥ ሁለት ወጣት ጸሐፊዎች ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ሲከራከሩ ሰማሁ። አንደኛው ጣቱን እያነሣ «እርሳቸው ራሳቸው እንዲህ ብለዋል!» እያለ አንድ ያማረ ንግግር በቃሉ ወረደ። ንግግሩን ዐውቀዋለሁ፤ ደራሲ በብዕሩ የሠራው ነው። ንጉሠ ነገሥቱ እንዲያ ብለው ቢሆን ኖሮ ለራሳቸውም ደስ ባላቸው ነበር! ተከራካሪው መልስ አጥቶ ሻዩን ጠጥቶ ተነሣ። ክርክሩን የረታው እንግዲህ ደራሲው ነው፤ እርሱ ግን በቦታው አልነበረም።

እኔ በበኩሌ ከሁለቱም ወገን አይደለሁም። መልካም ታሪካዊ ልብ ወለድ የሆነውን ነገር ሊያስተምረን የሚመጣ አይመስለኝም፤ ለዚያ ዜና መዋዕሉና የታሪክ መጽሐፉ አለ። እርሱ የሚመጣው ዜና መዋዕል ጸሐፊው ያልታዘዘውን ሊነግረን ነው። ነገሬ ግልጽ እንዲሆን አንድ መድፍ ልጥራ።

ዐፄ ቴዎድሮስ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ዘውድ ሲጭኑ፥ በዚያው ጊዜ በጥቁር ባሕር ዳር ሴባስቶፖል የምትባለው የሩሲያ ምሽግ ከተማ በእንግሊዝ፥ በፈረንሳይና በቱርክ ጦር ተከባ ቀንና ሌሊት በመድፍ ትደበደብ ነበር። የዚያ ከበባ ወሬ ባሕር ተሻግሮ እኛም አገር ደርሶ ኖሮ፥ ንጉሠ ነገሥቱ ከዓመታት በኋላ ጋፋት ላይ በአውሮፓውያን ባለ እጆች ያሠሩትን ታላቁን መድፍ «ሴባስቶፖል» ብለው ሰየሙት። ክብደቱ ወደ 7 ሺሕ ኪሎ ግራም ይጠጋል። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥተው ወደ መቅደላ ሲዘምቱ ያን መድፍ ይዘው ሄዱ።

ይዘው ሄዱ ብሎ መጻፍ ለብዕር ቀላል ነው። መንገድ አልነበረም። ገደሉ እየተናደ፥ ቋጥኙ እየተፈነቀለ፥ መንገዱ በየፊቱ እየተሠራ ነበር የሚኬደው። መድፉ በጋሪ ላይ ተጭኖ፥ ወፍራም ገመድ ተበጅቶለት፥ በብዙ መቶ በሚቈጠር ሰው ጕልበት ይጎተት ነበር። ዳገት ሲሆን ወደ ፊት መሳብ፤ ቍልቍለት ሲሆን ደግሞ ተንደርድሮ ሰው እንዳይፈጅ ከኋላ መያዝ። የጅዳን ሸለቆ ወርዶ መውጣት ነበረበት፤ ከዚያም የበሽሎን። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ልብሳቸውን ሰብስበው ድንጋይ ያነሡ እንደ ነበር በዓይናቸው ያዩ የውጭ አገር ሰዎች መስክረዋል። በደኅናው ጊዜ በጥቂት ቀን የሚደረስበት አገር ግማሽ ዓመት ያህል ፈጀ። መድፉ መቅደላ ሥር የደረሰው በመጋቢት ነው። በሚያዝያ የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦር 44 ዝሆኖቹን ሳይቀር አስከትሎ ደረሰ፤ በስቅለት ዕለት አሮጌ ላይ ውጊያ ሆነ፤ በፋሲካ ማግስት፥ ሰኞ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፥ ዐፄ ቴዎድሮስ በገዛ ሽጉጣቸው ሕይወታቸውን አሳለፉ። ያን ሁሉ ላብ ያፈሰሰው መድፍ ለተመኙት ነገር ሳይበጅ ቀረ። ዛሬም እዚያው መቅደላ ላይ ወድቆ ይገኛል፤ አምሳያውም አዲስ አበባ ውስጥ በስማቸው በሚጠራው አደባባይ እንዲቆም ተደርጓል።

አሁን ጥያቄዬን ላቅርብ፤ ገመዱን የጎተተው ማን ነበር? የንጉሡን ዜና የጻፉት ደብተራ ዘነብና አለቃ ወልደ ማርያም፥ እግዚአብሔር ይስጣቸውና፥ በአማርኛ ጽፈው አስቀርተውልናል፤ የንጉሠ ነገሥት ዜና መዋዕል በግእዝ መሆኑ ቀርቶ ሰው በሚናገርበት ቋንቋ መጻፍ የጀመረው በዚያ ዘመን ነው። ከታሰሩት የውጭ አገር ሰዎች መካከልም እነ ራሳምና እነ ዶክተር ብላንክ ወደ አገራቸው ሲገቡ ስለ እስራታቸው መጽሐፍ አሳትመዋል። የንጉሡን ቍጣ ከነርሱ እናገኛለን፤ የሰንሰለቱን ክብደት ከነርሱ እናገኛለን። ያን ገመድ በትከሻው ላይ ያደረገው ሰው ግን መጽሐፍ አላሳተመም። ስሙ ማን ነበር? ሚስቱን የት ትቶ መጣ? የበሽሎን ዳገት ሲወጣ በንጉሡ ያምን ነበር ወይስ ጅራፉን ፈርቶ ነው? ሌሊት ከጓደኛው ጋር በሹክሹክታ ምን ይባባሉ ነበር? ይህን ሊመልስ የሚችል ሰነድ የለም። ልብ ወለድ ሥራው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ እኔም ታሪካዊ ልብ ወለድን የምመዝነው በዚሁ ገመድ ነው።

ወደ ሩሲያ አገር ብሻገር አንባቢ አይደነቅ፤ መንገዱን የሚያሳየን መድፉ ራሱ ነውና። ያቺ የሴባስቶፖል ከተማ በተከበበች ጊዜ ከውስጥ ሆነው ከተከላከሉት የመድፈኛ መኰንኖች አንዱ የ26 ዓመት ወጣት ነበር፤ ስሙ ሌዎን ቶልስቶይ ይባላል። እዚያ ያየውን ጽፎ ያሳተማቸው ድርሰቶች በአገሩ ስሙን ካስጠሩለት መካከል ናቸው። ከዚያ «ጦርነትና ሰላም» የተባለውን ታላቅ መጽሐፉን ማሳተም ጀመረ፤ እ.ኤ.አ. ከ1865 እስከ 1869 ድረስ በየክፍሉ ወጣ። ዘመኑን ልብ ይሏል! የእኛ ሰዎች ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ወደ መቅደላ ሲጎትቱ፥ ሴባስቶፖል የተባለችውን ከተማ በመድፍ የተከላከለው ሰው ጠረጴዛው ላይ አቀርቅሮ ይጽፍ ነበር። እንዲያውም ደብረ ታቦር ላይ ድንኳን በተነቀለበት ሰሞን እርሱ የቦሮዲኖን የጦር ሜዳ በእግሩ ሊመረምር ሄዶ ነበር። አንዱ ስለ ሌላው አንዳች አያውቅም። እኔ ግን ይህን ካወቅሁ ጀምሮ መጽሐፉን የሩቅ ሰው መጽሐፍ አድርጌ ማየት ተውሁ።

ቶልስቶይ የጻፈው ናፖሊዎን ሩሲያን ስለ ወረረበት ስለ 1812ቱ ጦርነትና ከዚያ በፊት ስለ ነበሩት ዓመታት ነው። በውስጡ ናፖሊዎንም የሩሲያው ንጉሠ ነገሥትም አሉ፤ ጄኔራሎቹም ይርመሰመሳሉ። ነገር ግን ደራሲው ለእነዚህ ትልልቅ ሰዎች ብዙ አክብሮት የለውም። ታሪክን የሚያንቀሳቅሱት እነርሱ ሳይሆኑ ቍጥር የሌለው ሕዝብ ነው ብሎ ያምናል፤ ይህንንም እምነቱን በመጨረሻው ላይ በረጅሙ ይሰብካል። (ስብከቱ ያሰለቸው አንባቢ ቢዘለው አልቀየመውም፤ እኔም ሁለተኛ ሳነበው ዘልዬዋለሁ።) እምነቱን በስብከት ሳይሆን በሰው የሚያሳይበት ቦታ ግን ወደር የለውም።

ቱሺን የሚባል አንድ ትንሽ የመድፈኛ ሻምበል አለ። መጀመሪያ የምናየው ጫማውን አውልቆ ስንቅ ሻጩ ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ፥ የበላይ መኰንን ሲገሥጸው እያፈረ ፈገግ ሲል ነው። ውጊያው ሲጀመር ማንም ረዳት ሳይሰጠው፥ የሚጠብቀው ጦርም ተነሥቶበት፥ ከጥቂት መድፎቹ ጋር ብቻውን ቆሞ ይተኵሳል። የማፈግፈግ ትእዛዝ እንዲያደርስ የተላከው መኰንን ፈርቶ ከመንገድ ይመለሳል። የቀኑን ውጊያ ያዳነው ይህ ሰው ነው። ማታ አለቆቹ ዘንድ ተጠርቶ «መድፍ ጥለህ የመጣህ ለምንድን ነው?» ተብሎ ይጠየቃል። «የሚጠብቀኝ ጦር አልነበረም» ብሎ እውነቱን ቢናገር ይድናል፤ ነገር ግን ሌላ መኰንን በእርሱ ምክንያት እንዳይነካ ብሎ ዝም ይላል፤ ዕንባው ሊመጣ ይተናነቀዋል። በመጨረሻ ስለ እርሱ የሚናገርለት በውጊያው ቦታ ተልኮ ያየው አንዱ መስፍን ብቻ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ በታችኛው ወንበር ተቀምጣችሁ የምትሠሩ ወዳጆቼ፥ ይህን ምዕራፍ ስታነቡ ሩሲያ እንዳልሆናችሁ ትረዳላችሁ። ሥራውን የሠራው ዝም ሲል፥ ያልሠራው ሪፖርት ሲያቀርብ ያላየ ማን አለ?

አሁን ወደ አገራችን መጻሕፍት እንመለስ። ዐፄ ቴዎድሮስ ካረፉ መቶኛው ዓመት በተቃረበበትና ባለፈበት ጊዜ ሁለት ታላላቅ ልብ ወለዶች በአማርኛ ወጥተዋል። በ1958 ዓ.ም. ብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ ዕንባ»ን አሳተሙ፤ በ1961 ዓ.ም. ደግሞ አቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ»ን አወጡ። ከእነርሱ ቀጥለው ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በእንግሊዝኛ «ጦረኛው ንጉሥ» ልንለው የምንችለውን ልብ ወለድ እ.ኤ.አ. በ1974 በውጭ አገር አሳተሙ። አንድ ሰው በጥቂት ዓመታት ውስጥ በሦስት ብዕር መጻፉ የሚያስገርም አይደለም፤ ሰውየው ከመቶ ዓመት በኋላም ገና ተሟግተን ያልጨረስነው ሰው ነው።

ሁለቱን የአማርኛ አርእስቶች እስቲ ጐን ለጐን አስቀምጡአቸው። አንዱ ስለ ዕንባ ይናገራል፤ አንዱ ስለ እናት። «ነጐድጓዱ»፥ «አንበሳው» ወይም «መይሳው» አላሉም። ሁለቱም ደራስያን ሰውየውን ከዙፋኑ አውርደው በሰው ወገን ሊያስቀምጡት ማሰባቸው ከልባሱ ላይ ይነበባል። ይህ ምርጫቸው ነው እንግዲህ ቤታችንን ያናወጠው።

አያቴ የጎንደር ሰው ነበሩ። የእርሳቸው እናት በ1859 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ጎንደርን ሲያስመዘብሩና ሲያቃጥሉ ልጅ ሆነው ከእናታቸው ጋር የሸሹ ናቸው። ስለዚህ በቤታችን የዚያ እሳት ነገር ትላንት የሆነ ያህል ነበር። «የቴዎድሮስ ዕንባ» በወጣ በሁለተኛው ዓመት ገደማ፥ እኔ የአሥራ ሰባት ዓመት ተማሪ ሳለሁ፥ ለክረምት ዕረፍት ስመጣ መጽሐፉን ይዤ ገባሁ። የአያቴ ዓይን ደክሞ ስለ ነበር ማታ ማታ ማንበብ የእኔ ሥራ ነበር። እስከዚያ ድረስ ያነበብሁላቸው ዳዊትና ተአምረ ማርያም ነው። ያን ማታ ግን አርእስቱን ጮኽ ብዬ አነበብሁ።

«የማን ዕንባ አልኸኝ?» አሉ።

«የቴዎድሮስ፥ እምዬ።»

ጥቂት ዝም አሉና «እርሱም አለቀሰ? ደግ። የእኛንስ ማን ጻፈው?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ደራሲው ራሳቸው የጎንደር ልጅ መሆናቸውን ብነግራቸው ይበልጥ ተገረሙ፤ «እንዲያማ ከሆነ አንብብልኝ፤ ምን እንደሚል እንስማው» አሉ። ከዚያ ማታ ጀምሮ ሳነብ እየሰሙ አንዳንድ ቦታ «እውነት ነው» ይላሉ፤ አንዳንድ ቦታ «ይህን እርሱ ከየት አመጣው!» ብለው ይቈጣሉ፤ አንዳንድ ቦታ ደግሞ ማንበቤን አስቁመው ከእናታቸው የሰሙትን ይነግሩኛል። ሌሊት ስለ ተሸከሙት ታቦት፥ ጕድጓድ ውስጥ ስለ ተቀበረ እህል፥ በመንገድ ላይ ስለ ሞተ ሕፃን። ያን ሁሉ ዘመን ከእርሳቸው ጋር ስኖር ይህን ነገር አንድ ቀን አንሥተውልኝ አያውቁም ነበር። መጽሐፉ ባይመጣ ኖሮ ከእርሳቸው ጋር ይቀበር ነበር። በሁለት ሳምንት የሚያልቀው መጽሐፍ ክረምቱን ሙሉ ፈጀ። መጨረሻው ላይ፥ መቅደላ ስንደርስ፥ አያቴ አላለቀሱም። ነገር ግን «ነፍስ ይማር» አሉ። በዚያ ቤት ለዚያ ሰው ነፍስ ይማር ሲባል የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

እኔ ከመምህራን የስንት ዓመት ትምህርት ይልቅ ታሪካዊ ልብ ወለድ ለምን እንደሚበጅ የተረዳሁት በዚያ ክረምት ነው። ልብ ወለዱ አያቴን አላሳመናቸውም፤ የጠላታቸውን ሐዘን አሳያቸው እንጂ። እርሳቸውም ደግሞ የራሳቸውን ሐዘን አውጥተው ጐኑ አስቀመጡ።

ስለዚህ ዐፄ ቴዎድሮስን የሚተርክ ልብ ወለድ በእጃችሁ ሲገባ በሁለት ቦታ መዝኑት። አንደኛው ያ የገመዱ ጕዞ ነው፤ ደራሲው ንጉሡን ብቻ ያያል ወይስ ጎታቹንም? ሁለተኛው ደግሞ የሚከብደው ነው። ከአሮጌ ውጊያ በፊት በነበረው ዕለት ንጉሠ ነገሥቱ ሁለት መቶ ገደማ የሚሆኑ የአገር ሰው እስረኞች እስላምጌ ከተባለው ገደል እንዲወረወሩ አድርገዋል። ንጉሡን የሚወድ ደራሲ ያን ዕለት እንዴት ያልፈዋል? ዘሎት ይሄዳል? በቍጣ ነው ብሎ ያሳብባል? ወይስ ቆሞ ያየዋል? እኔ የትኛው መጽሐፍ እንዴት እንዳደረገው አልናገርም፤ ይህን እያሰባችሁ ብታነቡ ንባቡ በእጥፍ ይጣፍጣል። የማለዝብ ግን አይምሰላችሁ፤ ያን ዕለት በአንድ መስመር የሚያልፍ መጽሐፍ የቀረው ገጹ ምንም ቢያምር እኔ አላምነውም።

በጣልያን ወረራ ዘመን ላይ ከተጻፉት መካከል በዚህ በእኛ ጊዜ የወጣ አንድ መጽሐፍ ልጥቀስ። አዲስ አበባ ተወልደው አሜሪካ የሚኖሩት መዓዛ መንግሥቴ እ.ኤ.አ. በ2019 በእንግሊዝኛ ያሳተሙት «የጥላው ንጉሥ» የሚለው ልብ ወለድ በሁለተኛው ዓመት ለታወቀው የእንግሊዝ የቡከር ሽልማት ከመጨረሻዎቹ ዕጩዎች አንዱ ሆኖ ነበር። ባለ ታሪኳ ሂሩት የምትባል ወላጆቿ የሞቱባት ገረድ ናት። ያባቷን ውጅግራ ጠመንጃ ጌታዋ ይወስድባታል። ጦርነቱ ሲመጣ ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር ይወጣሉ፤ አርበኛው ሕዝብ ልቡ እንዳይሰበር መልኩ እርሳቸውን የሚመስል አንድ ደኻ ገበሬ እንደ ንጉሥ ለብሶ ከኮረብታ ላይ ይታያል፤ ሂሩትም የእርሱ ጠባቂ ትሆናለች። ከጣልያኖቹም ወገን ኤቶሬ የሚባል ፎቶግራፍ አንሺ ወታደር አለ፤ እርሱም አይሁዳዊ በመሆኑ የገዛ መንግሥቱ ነገ ፊቱን የሚያዞርበት ሰው ነው።

ይህ መጽሐፍ የገመዱን ጥያቄ በቀጥታ ይጠይቃል። ስንቅ የተሸከሙት፥ ቍስለኛ ያሰሩት፥ ጠመንጃም ያነሡት ሴቶች በፎከራው ውስጥ የት አሉ ይላል። ደራሲዋ ራሳቸው መጽሐፉን ለመጻፍ ዓመታት ከደከሙ በኋላ ነው ቅድመ አያታቸው ዘማች እንደ ነበሩ ከእናታቸው የሰሙት። ቅድመ አያቲቱ የበኵር ልጅ በመሆናቸው የዘመቻው ጥሪ ለእኔ ነው ብለው፥ አባታቸው ጠመንጃውን ለሌላ ሲሰጡባቸው ከሰው፥ ረትተው፥ ጠመንጃውን ይዘው ዘመቱ። ይህን የመሰለ ነገር በቤት ውስጥ ሳይነገር መኖሩ ያስደንቃል፤ ከአያቴ ጋር ያሳለፍሁትን ክረምት ላሰበ ሰው ግን አያስደንቅም። መጽሐፉ እንከን የለውም አልልም፤ አንዳንድ ቦታ አረፍተ ነገሩ ከመጠን በላይ ያጌጣል፤ የዝማሬና የፎቶግራፍ ምዕራፎቹም ትረካውን ያቈሙታል። ቢሆንም ዋጋው ለከፋዩ አይቈጭም።

ከዚህ ጋር የወራሪው ወገን የጻፈውን ማየት የሚወድ ቢኖር የኤንዮ ፍላያኖን «የመግደያ ጊዜ» ያንብብ። ደራሲው በዚያ ወረራ መኰንን ሆኖ አገራችን ገብቶ የነበረ ሲሆን፥ መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1947 ወጥቶ ስትሬጋ የተባለውን የጣልያን ሽልማት የመጀመሪያውን ወስዷል። ጥርሱን ያመመው አንድ መቶ አለቃ ሐኪም ፍለጋ ሲሄድ መንገድ ይስታል፤ ወንዝ ዳር ያገኛትን ኢትዮጵያዊት ከደፈራት በኋላ ገድሎ ይቀብራታል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ፍርሃትና ሽሽት ነው። ፎከራ የለበትም፤ ድልም የለበትም። ስለዚያች ሴት የሚነግረን ግን እጅግ ጥቂት ነው፤ ቋንቋዋን አያውቅምና። ሂሩትን ካነበባችሁ በኋላ ይህን ብታነቡ በመካከላቸው ያለውን ገደል በዓይናችሁ ታያላችሁ።

የማይነበቡትንም ላመልክት። ታሪካዊ ልብ ወለድ ተብሎ ታትሞ ሁሉም ሰው በዐዋጅ ቋንቋ የሚነጋገርበት መጽሐፍ አለ፤ ባል ሚስቱን «ወጥ ጨምሪልኝ» ለማለት ሲፈልግ ስለ አገር አንድነት ሦስት ገጽ ይናገራል። የጥንት ሰው ሁሉ ጀግና፥ የጥንት ሴት ሁሉ ቈንጆ፥ ጠላት ሁሉ ፈሪ ከሆነ መጽሐፉን በትሕትና መልሱት። እንዲሁም በዘመኑ ያልነበረ ነገር የሚገባበት አለ፤ የዘመነ መሳፍንት ሰው በልብ ወለድ ውስጥ ሰዓቱን ሲያይ አግኝቼ ስቄአለሁ። ይህ ግን ቀላሉ ስሕተት ነው። የሚብሰው የዛሬን ጠብ የጥንት ሰው ልብስ አልብሶ የሚያመጣው ነው።

አንባቢውም ድርሻ አለው። እኔ ልብ ወለዱን ጨርሼ ሳስቀምጥ በዚያው ዘመን ላይ የተጻፈ አንድ የታሪክ መጽሐፍ ወዲያው አነሣለሁ፤ ሙሉውን ባይሆን ምዕራፉን። ያን ጊዜ የሻይ ቤቱ ክርክር ዓይነት ነገር አይደርስም፤ ንግግሩ የንጉሡ ነው ወይስ የደራሲው እንደ ሆነ ራሱ ይለያል። ለዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን የደብተራ ዘነብ ዜና መዋዕል አጭር ስለ ሆነች ለዚህ ትመቻለች፤ አማርኛዋም የዚያን ዘመን ሰው አነጋገር የጠበቀች ናት።

በተረፈ ከደመወዙ ላይ ቀንሶ መጽሐፍ የሚገዛ ሰው ከየት ልጀምር ቢለኝ፥ መጀመሪያ «የቴዎድሮስ ዕንባ»ን፥ ወዲያው ሳይርቅ «አንድ ለናቱ»ን እለዋለሁ። ሁለተኛው ወፍራም ስለ ሆነ ለክረምት ይቆይ። እንግሊዝኛ የሚቀናው «የጥላው ንጉሥ»ን ይጨምር። «ጦርነትና ሰላም» የመጨረሻው ይሁን፤ ሲጀምሩትም አንድ ወረቀት አጠገብ አስቀምጦ የሰዎቹን ስም እየመዘገቡ ማንበብ ይበጃል፤ ሩሲያውያን አንዱን ሰው በሦስት ስም ይጠሩታልና፥ ያለዚያ በመቶኛው ገጽ ላይ ማን የማን ልጅ እንደ ሆነ ይጠፋል። ቱሺን የሚመጣው በመጀመሪያው ክፍል ውስጥ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ብቻ ታገሡ።